የዘርጋው ባጃጅ እና «ሌሴ ፌር»

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ በባሏ በዘርጋው የጥንት ባልንጀራ፣ በምድር ባቡር ጡረተኛው በአቶ ይርዳው ሳሎን ቆማለች።)

አስካለ፦ የባጃጁን ቁልፍ ይቀበሉት ነው የምልዎ፣ ጋሽ ይርዳው! ዓይኑ ደክሟል። ትናንት መንገድ ላይ የቆመች አህያን «እሜቴ፣ እባክዎ ያሳልፉኝ» ሲላት ሰማሁት።

ይርዳው፦ ዘርጋው ድሮም ለሴት ትሑት ነው።

አስካለ፦ አይሳቁ! ስድስት ሕፃናት ጭኖ ነው ትምህርት ቤት የሚያደርሰው።

ይርዳው፦ አንቺ ሚስቱ አይደለሽም? ንገሪዋ።

አስካለ፦ ነገርኩት። «እጄ መንገዱን ያውቀዋል» አለኝ። ዓይኑን ያየው ሐኪም «አቁም» ሲለውም ያንኑ መለሰለት።

ይርዳው፦ ስሚ አስኩዬ፤ ምድር ባቡር ሳለን አንድ ፈረንሳዊ አለቃ ነበረን። ሠራተኛው ሲሰክርም ሲጣላም «ሌሴ ፌር» ነው የሚለው።

አስካለ፦ ምን ማለት ነው?

ይርዳው፦ ተዋቸው፣ የወደዱትን ያድርጉ፣ እጅህን አታስገባ። ነጋዴዎች ናቸው አሉ ያመጧት፤ መንግሥት ከገበያችን ይውጣልን ብለው። እኔ ለሰው ሁሉ አደረግኳት። ይኸው በሷ ከማንም ሳልቀያየም ሰባ አራት ዓመቴን ያዝኩ።

አስካለ፦ ባቡሩ ላይ የርስዎ ሥራ ምን ነበር?

ይርዳው፦ ፍሬን ያዥ።

አስካለ፦ «ፍሬን»ስ የማን ቃል ነው?

ይርዳው፦ የነሱው… የፈረንሳዮቹ።

አስካለ፦ አዩ! ሰውን ተዉት ያሉት፣ ባቡሩን ግን ያለ ፍሬን አልተዉትም።

ይርዳው፦ ወይ አንቺ ሴትዮ! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

አስካለ፦ መከራው መቼ እሱን ብቻ ይመክራል? የነዚያ ልጆች እናቶችስ?

ይርዳው፦ እግሬ የተሰበረ ጊዜ ከሐዲዱ እስከ ሐኪም ቤት ያዘለኝ እሱ ነው። አሁን ምን ብዬ «ዓይን የለህም፣ ውረድ» ልበለው?

አስካለ፦ እንዳይጠላዎት ነው የፈሩት።

ይርዳው፦ እሱ ከጠላኝ ማን ቀረኝ?

አስካለ፦ ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ነው?

ይርዳው፦ በወንዙ ማዶ።

አስካለ፦ ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ዞሮ በርስዎ ደጅ የሚያልፈው፣ ጥሩንባውን የሚያንባርቀው ለምን ይመስልዎታል? ትናንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ይርዳው አንድ ቀን ወጥቶ ቁም ቢለኝ እቆም ነበር» አለኝ።

ይርዳው፦ እኔ እኮ ሰላምታ መስሎኝ… በመስኮት እጄን አወዛውዝለታለሁ።

አስካለ፦ እጅዎን መች ያየዋል?

ይርዳው፦ በሩን ክፈቺልኝ፤ ሲያልፍ ወጥቼ «ቁም» ልበለው፣ ድምፄን ይስማ።