የእናቴ ማሽንና የእኔ ደብተር

የእናቴ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መሽከርከር አቆመ። ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ የሚለውን ለመወሰን ሳምንት ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ፤ ዋጋውን፣ ዋስትናውን፣ የመብራት ፍጆታውን ሁሉ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ። እናቴ ያን ሳምንት በሚያማት እጇ ታጥብ ነበር። በመጨረሻ አዲስ እንዲገዛ ወሰንኩ፤ ግን ራሴን ስላላመንኩ አንድ ጠጋኝ ጠራሁ።

ሰውየው ማሽኑን ከፍቶ አየና፣ «ማዘር፣ በባልዲ ነው የሚሞሉት?» አላት። እናቴ ጥፋት እንደተገኘባት ሰው አንገቷን ደፋች። «እኛ ዓለም ባንክ ሰፈር የቧንቧ ውሃ መቼ ይመጣል ልጄ? በሳሙና ማስገቢያው በኩል እጨምርለታለሁ።»

«ታዲያ ምን ያሳፍራል? ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው። ይቺን አይጣሏት፤ ያለቀው የሚያሽከረክራት ቀበቶ፣ ቺንጊያዋ ብቻ ነው። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ የቧንቧው ግፊት ካነሰ ቆመው ይጮሃሉ እንጂ በባልዲ እሺ አይሉም።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ስለ ውሃ አንድም መስመር የለበትም።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ባለሱቆቹን ነው የጠየቅከው» ብላ ሳቀች።

ቺንጊያው እንደተቀየረ ባልዲውን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ቀድሜያት አነሳሁትና፣ «ስንት ባልዲ ነው የሚበቃው?» ብዬ ጠየቅኳት።