በአጥር ሥር የሄደው የዮሺሃሩ ትንፋሽ

የቃል ሰጪ ስም፦ ወይዘሮ ካጂዋራ ፉሳኤ
ዕድሜ፦ 71
አድራሻ፦ ቺባ ክፍለ ሀገር፣ ኢሶዛኪ የዓሣ አጥማጆች መንደር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሴፕቴምበር 12፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ቦታ፦ የቃል ሰጪዋ መኖሪያ ቤት። ወደ ጣቢያ እንድትመጣ ተጠይቃ «ባሌንና ባትሪውን ጥዬ የትም አልሄድም» በማለቷ መርማሪው ወደ ቤቷ ሄዷል።
ጉዳዩ፦ ጎረቤቷ አቶ ኦዛዋ ካንጂ «ገመዴን ቆራርጣ፣ በማጭድ አስፈራርታ፣ ሎብስተሮቼን ፈጀችብኝ» ሲሉ ያቀረቡት አቤቱታ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ነው። የምኖረው ከባለቤቴ ከዮሺሃሩ ጋር ነው። ዮሺሃሩ ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ የሠራ ሰው ሲሆን፣ አሁን ሳንባው ደክሞ ከኦክስጂን ማሽን ጋር በቀጭን ቱቦ ተያይዞ ይውላል፣ ያድራል። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚተካው አንድ ሲሊንደር ብቻ አለን፤ እሱም ከግማሽ ቀን አያልፍም።

ከሁለት ዓመት በፊት ጀልባችንን ሸጠን፣ ከጡረታችን ጨምረንበት፣ ጣሪያችን ላይ ያለው ሶላር የሚሞላው ትልቅ ባትሪ በ1.8 ሚሊዮን የን አስገባን። ጀልባዋን የገዛን ይኸው ከሳሼ ካንጂ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉ አላረፈም። በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «እትዬ ፉሳኤ፣ ጀልባ ሰጥታችሁ ቁም ሳጥን ገዛችሁ? ያውም ልብስ የማይገባበት!» ብሎ አሳቀብን። ሂሳብም ሠርቶ አሳየኝ፤ በመብራት ክፍያ ከሚተርፈን ተነስቶ ባትሪው ወጪውን የሚመልሰው ሁለታችንም አፈር ከገባን በኋላ ነው አለኝ። ሂሳቡ ልክ ነው። የዮሺሃሩን ትንፋሽ ግን ሂሳቡ ውስጥ አላስገባውም።

ሴፕቴምበር 10 ቀን ጠዋት አውሎ ነፋሱ የመብራት ምሰሶዎቹን ጣላቸውና መንደሩ በሙሉ ጨለመ። የእኛ ባትሪ ሙሉ ነበር። ማሽኑንና ትንሿን ፍሪጅ አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። ጎረቤቶች ስልክ ሊሞሉ መጡ፤ አንዷም በእጇ ያድበለበለችውን ሩዝ ይዛልን መጣች። አንድም ሰው ሳይጠይቅ አልሰካም፤ እኔም ማንንም አልከለከልኩም። ካንጂ አልመጣም። አፍሮ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ገና እንደጠቆረ ነበር። በእኔ ግምት ባትሪው ከግማሽ በላይ መሆን ሲገባው ማሳያው አምስት በመቶ ይላል። ክው አልኩ። ምን እንደበላው ለማየት ቤቱን ስዞር፣ በውጭው ግድግዳ ሶኬት ላይ የእኔ ያልሆነ ቢጫ ኤክስቴንሽን ተሰክቶ አገኘሁ። በአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ ቅጠል ተደርጎበት፣ ካንጂ ግቢ ይገባል። ጫፉ ላይ፣ ለሽያጭ ከባሕር ያወጣቸውን ሎብስተሮች በሕይወት የሚያቆይበት ገንዳ አየር የሚነፋ ፓምፕና አንድ ትልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣ ነበሩ።

ገመዱን ገና ሳልነቅለው ባትሪው አልቆ ቀጥ አለና ማሽኑ ከቤት ውስጥ መጮህ ጀመረ። ሮጬ ገብቼ ሲሊንደሩን አገናኘሁ። የዮሺሃሩ ከንፈር ጠቁሯል። «ፉሳኤ፣ ረጋ በይ» ይለኛል። ትንፋሽ ያጠረው እሱ፣ የሚያጽናናው እሱ!

እሱ መተንፈሱን ሳይ ማጭዴን አንስቼ ወጣሁና ያንን ገመድ ቆራረጥኩት። መጀመሪያ ነቅዬዋለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ካንጂ ድምፅ ሰምቶ ወጣ።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ? አዲስ ገመድ እኮ ነው!»

«አንተ ሌባ! የባሌን ትንፋሽ ሰርቀህ ሎብስተር ታስተነፍሳለህ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ዝም ብሎ ከተቀመጠ መብራት ትንሽ ብወስድ ምን አለበት? ደግሞስ በእኔ ገንዘብ አይደል የተገዛው?»

ይህን ሲል ደሜ ፈላ። ማጭዱ በእጄ ነበር። አላነሳሁበትም፤ አላስቀመጥኩትምም። ከፈራም እሰየው።

ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ደመናው ተገፈፈና ሶላሩ መሙላት ጀመረ። ግቢዬ መሐል ቆሜ ጣሪያዬን እያየሁ አለቀስኩ። የካንጂ ሎብስተሮች መሞታቸውን የሰማሁት ማታ ነው።

ቃሌ ሲነበብልኝ መጨረሻው ላይ «በፈጸምኩት ድርጊት በጥልቅ ተጸጽቻለሁ» የሚል ሰማሁ። እኔ እንዲህ አላልኩም። መርማሪው «እማማ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ተብሎ ነው የሚዘጋው» አለኝ። «የሌላው ይዘጋ፤ የእኔን ሰርዝ» አልኩት፤ ተሰርዟል። በምትኩ ይህ እንዲጻፍልኝ ጠየቅሁ፦ ካንጂ ደጄን አንኳኩቶ «እትዬ፣ ሎብስተሮቼ ሊያልቁብኝ ነው» ቢለኝ ኖሮ፣ ማቀዝቀዣውን ተውና ፓምፑን ሰካ እለው ነበር።

መርማሪ ማሩኖ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት፣ የመንደሩ መብራት ገና ስላልተመለሰ ስልኩ እንደተዘጋበት ነግሮኝ፣ ቢሰካው ባለቤቴን ይጎዳው እንደሆነ ጠይቆኛል። ማሳያውን አይቼ ፈቅጄለታለሁ። ይህንንም ጻፈው ብዬዋለሁ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ከአፌ የወጣ እውነት ነው። ተነቦልኝ፣ ያላልኩትን አሰርዤ፣ የስሜን ማኅተም አሳርፌበታለሁ።

የቃል ሰጪ ማኅተም፦ ካጂዋራ ፉሳኤ
የመርማሪ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ማሩኖ