ሰም የተቀባ አረር

«እማዬ፣ የዛሬው ነፋስ ደግ ነው፤ ጭሱን በመስኮት ይዞልኝ ይወጣል። እርስዎ ግን ከበሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ የእርሳስ ጭስ ለደረት አይሆንም። ወገብዎስ እንዴት አደረ? ... ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ጆሮዎ ደከም ስላለብዎ ነው። ሌላ ሰው ይስማኝ ብዬ አይደለም።»

ሌላ ሰው ግን ነበር። ከወርክሾፑ በር ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ለነገው አደን ቦት ጫማውን እየቦረሸ ነው። ሴትዮዋ ወደዚያ ዞር ብላ አላየችም። አማቷን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ምድጃው ላይ የተጣደውን የእርሳስ ማቅለጫ ድስት በጭልፋ ማማሰል ያዘች። ባሏ ከግቢው ማዶ ዋናው ቤት ውስጥ ነው፤ ካለፈው አደን ወዲህ የቆሰለ እግሩን ዘርግቶ ከተቀመጠበት ወንበር ብዙም አይነሳም።

«ይኸውልዎ፣ ይሄ አረሩ የሚፈስበት ፎርማ በደንብ ካልጋለ አረሩ እንደኔ ግንባር ተሸብሽቦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወደ ድስቱ እመልሳለሁ። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱን በሚዛን። የቀለለ ከተገኘ ሆዱ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው፤ እሱም ወደ ድስቱ። ልጅዎ ነው ያስተማረኝ ... ትልቁን ማለቴ ነው። ቀርፋፋ ሥራ ነው። ምን ላድርግ፣ ፍጥነት አልተሰጠኝም። የተሰጠው ሰው አለ። በቁርስና በምሳ መሀል ቀበቶ ሙሉ ጥይት አዘጋጅቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሻይ የሚጠጣ ሰው አውቃለሁ። ሚዛኑን ከሣጥኑ እንኳ አላወጣውም። ዓይኑ ራሱ ሚዛን ሆኖለት ይሆናላ ... ይታደሏል እንጂ ይታገሏል?»

እርሳሱን በጭልፋ ጨልፋ ፎርማው ውስጥ አፈሰሰች፤ እስኪረጋም ጠበቀች። ደረጃው ላይ ብሩሹ ሥራውን አላቋረጠም።

«ሰም አቀባቡንስ ቢያዩት። እኛ ሰምና ሞራውን በአረሩ ዙሪያ ያለው ጎድጎድ ላይ ብቻ ሞልተን እንተዋለን። የዚያ ሰው እጅ ግን ቸር ነው፤ አረሩን ከአናቱ እስከ ወገቡ ሞሽሮታል። ልጅዎም ያን የአደን ቀን አይቶ፣ ‹እጅህ ይባረክ› ብሎ ነው የታጠቀው። ሰሞኑን ከተረፉት ጥቂቱን ከቀለሃቸው ነቅዬ ሰሙን ፋቅኩት። ሰሙን ሲገልጡት ወርቅ የሚወጣው በቅኔ ነው መሰለኝ፤ እኔ ያገኘሁት ሽብሽብ ነው። አንዱን በመጋዝ ለሁለት ብከፍለው፣ መሀሉ ላይ ምስር የሚያስገባ ባዶ ቦታ። እንዲህ ያለ አረር ቀጥ ብሎ ይሄዳል እማዬ? እሱ ወዳሻው ነው የሚሄደው። ከርከሮው በዚህ ሲመጣ አረሩ በዚያ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛ ቤት ግን የቸኮለው ያፈሳል ... የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም በጭኑ፣ ከከርከሮ ጥርስ።»

አሮጊቷ ሻርፓቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ።

«ደግሞ አዛኝነቱ። ቁስሉ ሳይታሰር ለአዳኞቹ ሁሉ እየዞረ፣ ‹እጁ ተንቀጥቅጦበት ነው፣ አትፍረዱበት› ብሎ የለመነ ማን ሆነና? ለቆሰለ ሰው እንዲህ የሚሟገት ከየት ይገኛል? እሱ ባይሟገት ኖሮ እኮ ሰዉ ስለ ጥይቱ ይጠይቅ ነበር። አሁን የሚጠይቅ የለም። ልጅዎም አይጠይቅም ... አምኖታል። ትናንት ጠዋት ውሃ ሰጠሁት፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ አንዱን እጁን ለቀቀና ሌላኛውን ትኩር ብሎ አየው። ውሃው ንቅንቅ አላለም። እሱ ግን የገዛ ዓይኑን አላመነም፤ መልሶ በሁለት እጁ ያዘው። አይዞዎት፣ አላለቅስም። እርሳስ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባች ድስቱ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው።»

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። «በቃሽ፤ እኚህ ሴት ምን በደሉሽ?» አላት ልቧ። ሁለቱንም በአንድ ማህፀን የተሸከሙ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ የተጣመሩትን እጆቻቸውን አይታ አፈረች። ዝም ልትልም ነበር። ግን ውጭ ብሩሹ ቀጥ ማለቱን ሰማች።

«ለልጅዎ እኔው ልንገረው? ሚስት ስትናገር ማባበል ይመስላል። ይሄንን የሚያምነው ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው። ከዚህ እስከ ዋናው ቤት ደግሞ ሩቅ አይደለም ... ቦት ጫማም አያስፈልገውም። ለማንኛውም ለነገ ሁለት ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። በግራ ያሉት የኔ ናቸው፤ ተመዝነዋል። በቀኝ ያሉት ያልነካኋቸው ናቸው፤ እነዚያ የተሞሸሩት። የኔን የፈለገ ይውሰድ፤ አልቆጥብም። ብቻ ጠመንጃው ልጅዎ ጋ ነው፤ የጥይቱን ቀበቶ ሳያይ ደግሞ ለማንም አያስረክብም። የኔን የእጅ ሥራ ያውቀዋል። ‹የራስህስ ምን ሆኑ?› ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ መልስ ማዘጋጀት ነው ... ወይ ደግሞ በራስ ሥራ መተማመን ነው። ያ ሰው በሥራው የሚያፍር አይመስለኝም፤ እርስዎስ ይመስልዎታል?»

እሳቱን አጠፋች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከአማቷ ፊት ጎንበስ አለች፤ ድምፅዋም ማር ሆነ።

«ልጅዎ ያን ቀን የጀመረውን ምርቃት እኔ ልጨርሰው። ያ እጅ ይባረክ። ጎንበስ ቀና ብሎ የሠራው ለሌላ አይለፍበት፤ የድካሙን ፍሬ ራሱ ይየው። ነገ ከርከሮው ከቁጥቋጦው ወጥቶ ፊቱ ሲቆም፣ ጠመንጃው ውስጥ ያለው በገዛ እጁ ያፈሰሰው ይሁንለት ... አሜን ይበሉ እንጂ፣ እማዬ።»