ዝም ያለውን አትቀስቅሱ

ቅዳሜ ረፋድ፣ ጅማ፤ ዝናብ ቆርቆሮውን በሚቀጠቅጥበት ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ «እንዝርት» የተባለውን፣ ፕሮግራመሮች በየሥራቸው የሚጠቀሙበትን ዝግጁ ኮድ የፈጠረችው ሐመልማልና ድሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው፣ አሁን ኮዱንና ሰነዱን አብሯት የሚንከባከበው ምንተስኖት አንድ ኮምፒውተር ፊት ተፋጠዋል።

ሐመልማል፦ ፓስወርድህን አስገባ አልኩህ!

ምንተስኖት፦ ቲቸር፣ እባክዎ አንዴ ይስሙኝ።

ሐመልማል፦ ስሰማህ ነው ያረፈድኩት። የኔን አስገብቻለሁ። ያንተ ካልተጨመረ ማስጠንቀቂያው አይወጣም። ያለ ሁለታችን ፈቃድ ከዚህ ቤት ምንም እንዳይወጣ ተባብለናል፣ ማሽኑም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ምንተስኖት፦ እንዲያ የተባባልነው ስንቸኩል እንዲይዘን አይደል? ይኸው እየቸኮልን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሐመልማል፦ ሳይቃጠል በቅጠል የሚልም አለ።

ምንተስኖት፦ ምን ብለን ነው የምናወጣው? «አዲሱን ቨርዥን አትጠቀሙ፣ ተሳስተናል» ብለን? አገር ምድሩ እያየው?

ሐመልማል፦ አገር ምድሩ እንዲያየው ነዋ!

ምንተስኖት፦ ከቨርዥኑ አናት የተጻፈው እኮ የኔ ስም ነው። «ያሻሻለው፦ ምንተስኖት» ይላል። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ሳይቀር አሳይቻታለሁ።

ሐመልማል፦ ከሥሩ «ያጸደቀችው፦ ሐመልማል» ይላል። እኔ ስም የለኝም?

ምንተስኖት፦ የእርስዎማ ሥር የሰደደ ነው፣ ንፋስ አይነቀንቀውም። የኔ ገና ችግኝ ነው።

ሐመልማል፦ ችግኝህን ለጊዜው ተወውና ምን እንዳደረግህ ንገረኝ። ከራስህ አፍ ሲወጣ ይገባህ ይሆናል።

ምንተስኖት፦ ያውቁት የለ?

ሐመልማል፦ ንገረኝ!

ምንተስኖት፦ እሺ። ክፍል ውስጥ እንዳስተማሩን ልበላ። እንዝርት ብቻውን ምግብ ቤት ሙሉ ሰው የሚያስተናግድ አስተናጋጅ ነው። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ የጠራውን ይታዘዛል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንዱ ጋ ወሬ ከጀመረ ሌላው ጦሙን ይውላል።

ሐመልማል፦ ምንም የማይጠራው ጠረጴዛስ?

ምንተስኖት፦ ድሮ ዝምታው ሲበዛበት ጠጋ ብሎ «አሉ?» ይል ነበር። መልስ ሲያጣ ይጮኻል፣ ሰው ይጠራል።

ሐመልማል፦ አሁንስ?

ምንተስኖት፦ አሁን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። «አሉ?» የሚለውን እኔ አወጣሁት። ግን ቲቸር፣ ሰነዱ ላይ እኮ አልነበረም! አንድ መስመር እንኳ! «ሰነድ ላይ የሌለ ኮድ ሰርጎ ገብ ነው፣ አስወጡት» እያሉ ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። ሰነዱ ውስጥ ፈለግሁት፣ አጣሁት፣ አስወጣሁት። ዙሩም ፈጠነ፣ ሰዉም አጨበጨበ።

ሐመልማል፦ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ስጽፈው ሰነድ ያላበጀሁለት እኔ፣ ሲወጣ ያጨበጨብኩት እኔ። የገዛ ፓስወርዴን ለምን የሳትኩ ይመስልሃል?

ምንተስኖት፦ ስተዋል እንዴ?

ሐመልማል፦ ስንቴ እንደሳትኩ አላየህም? አንተ ደግሞ አውጥተኸው ዝም አላልክም። ሰነዱ ላይ «ዝም ያለውን አትቀስቅሱ፤ ዝምታ ጤና ነው» ብለህ ጻፍክበት።

ምንተስኖት፦ ሲነበብ ያምር ነበር።

ሐመልማል፦ አዎ፣ ያምራል።

ምንተስኖት፦ አንድ ሐሳብ ላምጣ። ሰኞ ቀስ ብለን እንመልሰዋለን። «ጥቃቅን ማስተካከያ» እንለዋለን፣ ማንም ልብ አይለውም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ቲቸር።

ሐመልማል፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ምንተስኖት፦ የምን ጅብ አመጡብኝ? በእንዝርት የሚሠሩት የታወቁ ናቸው። ታክሲ የሚያስጠሩ፣ ወሬ የሚያላልኩ ልጆች። ቢበዛ የአንዱ መልእክት ቢዘገይ ነው።

ሐመልማል፦ ያ ማር ከየት መጣ?

ምንተስኖት፦ የቱ ማር?

ሐመልማል፦ ከጀርባህ ያለው። ጣትህን እየነከርክ የጨረስከው።

ምንተስኖት፦ እሱማ ጋሽ ከፍያለው ያመጡልን ነው። በሌላ ከተማ የሆስፒታል ቴክኒሻን ናቸው።

ሐመልማል፦ ምን ብሎ ነበር የሰጠን?

ምንተስኖት፦ «ማመስገኛ ነው» ብለው። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ደወል ሠርተው... ቲቸር፣ ተዉኝ።

ሐመልማል፦ አልተውህም። በምን ሠራው?

ምንተስኖት፦ በእንዝርት።

ሐመልማል፦ እንዴት ነው የሚሠራው?

ምንተስኖት፦ ሕፃኑ በተነፈሰ ቁጥር ምልክት ይልካል። ሽቦው ቢወልቅ፣ ወይ ደግሞ ትንፋሹ... ትንፋሹ ቢቆም፣ ምልክቱ ዝም ይላል።

ሐመልማል፦ ዝም ሲል?

ምንተስኖት፦ እንዝርት «አሉ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ሲያጣ ደወሉ ይጮኻል። አምላኬ። አምላኬ!

ሐመልማል፦ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው ትዝ ያለኝ። ሳሙናውን ሳልለቃለቅ ነው የወጣሁት።

ምንተስኖት፦ ቆይ፣ ቆይ፣ አንደናገጥ። ሆስፒታል እኮ ነው፣ በየጊዜው አይቀያይሩም። አሮጌው ቨርዥን ላይ ናቸው።

ሐመልማል፦ በምን አወቅህ?

ምንተስኖት፦ አንድ ነገር ቢፈጠር ጋሽ ከፍያለው ይደውሉ ነበር። ዝም ካሉ ደህና ናቸው።

ሐመልማል፦ እስኪ ድገመው።

ምንተስኖት፦ ምኑን?

ሐመልማል፦ አሁን ያልከውን።

ምንተስኖት፦ ዝም ካሉ ደህና...

ሐመልማል፦ ደውል! ቁጥሩ ያለው አንተ ጋ ነው።

ምንተስኖት፦ እርስዎ ያናግሯቸው። እኔ አልችልም፣ ፈራሁ። «አንዱ ሕፃን» ብለው ቢጀምሩስ? ያንን በየትኛው ጆሮዬ ልስማው?

ሐመልማል፦ እኔስ ያልፈራሁ መሰለህ? ግን ምን እንዳወጣህ የምታውቀው አንተ ነህ፣ ቢጠይቅህ የምትመልሰውም አንተ። እየፈራህ ደውል።

ምንተስኖት፦ ይጠራል... አያነሱም። ቅዳሜ አይደል፣ ገበያ ወጥተው ይሆናል።

ሐመልማል፦ ድገመው።

ምንተስኖት፦ ይጠራል... ሃሎ! ጋሽ ከፍያለው? ምንተስኖት ነኝ፣ የእንዝርቱ፣ ከጅማ። እንደምን አሉ? ቤተሰብ ደህና ነው? እኛም ደህና ነን፣ ተመስገን። ዝናቡ እንኳ እዚህ...

ሐመልማል፦ ሰላምታውን አሳጥረው!

ምንተስኖት፦ ሕፃናቱስ? እንዴት ናቸው? ሦስት? እሰይ! እሰይ! ቲቸር፣ ሦስት ሕፃናት አሉ፣ ሁሉም ሰላም ነው አሉ። እየሳቁ እኮ ነው! እንዲያውም ሊያመሰግኑን ሊደውሉ ነበር።

ሐመልማል፦ ስለ ምን?

ምንተስኖት፦ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ አዲሱን ቨርዥን ራሱ ወሰደ አሉ። ተባረኩ አሉ። ሌላ ጊዜ ሽቦ በወለቀ ቁጥር ሲጮህ ነርሶቹን ቁጭ አያደርጋቸውም ነበር። ዛሬ ግን አንዴም አልጮኸም። እፎይ ብለው ቁርሳቸውን ሊበሉ... ሁሉም...

ሐመልማል፦ ምንተስኖት።

ምንተስኖት፦ ...ወጥተዋል።

ሐመልማል፦ ስልኩን እንዳትዘጋው!

ምንተስኖት፦ ጋሽ ከፍያለው! ደወሉን አይመኑት! ያፈዘዝኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ አልኩዎ! ይሩጡ! ሦስቱንም በእጅዎ ይዳስሱ፣ እንዲተነፍሱ እግራቸውን ይሹ! በኋላ ይስደቡኝ፣ አሁን ይሩጡ! ...ሮጡ፣ ቲቸር። ስልኩን ጥለውት ሮጡ።

ሐመልማል፦ ፓስወርድህ።

ምንተስኖት፦ ይኸው፣ አስገባሁ። ይውጣ። ስሜም አብሮ ይውጣ።

ሐመልማል፦ ወጣ። በስልኩ ምን ይሰማሃል?

ምንተስኖት፦ ኮቴ ይሰማ ነበር። በር ተከፈተ መሰለኝ። አሁን ምንም። ቲቸር፣ ምንም አይሰማም፣ ዝም አለ!

ሐመልማል፦ አዳምጥ።

ምንተስኖት፦ አልቻልኩም፣ እርስዎ ያዳምጡልኝ...

ሐመልማል፦ ድምፁን ከፍ አድርገህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።

ምንተስኖት፦ ...ሰሙ? ሕፃን ነው! ሕፃን እያለቀሰ ነው! አለቀሰ፣ ቲቸር! ተመስገን! ተመስገን!

ሐመልማል፦ ሰማሁ። የቀሩት ሁለቱስ?