የኦቦ ቶለሳ ሳንቃ

ሜትር ባየሁ ቁጥር ኦቦ ቶለሳ ትዝ ይሉኛል። በደርግ ጊዜ ነው፤ ጊንጪ አዲስ ነርስ ሳለሁ። ሐኪማችን «የልጆቻችንን ጤነኛ ልክ እስከ መቼ ከፈረንጅ መጽሐፍ እንቀዳለን?» ብሎ፣ ጤነኛ ሆነው የተወለዱ ወንድ ሕፃናትን ቁመትና የራስ ዙሪያ እየለካሁ እንድመዘግብ አዘዘኝ። አንድ ጠዋት አንዱን ጨቅላ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ሜትሬን ከራሱ እስከ ተረከዙ ስዘረጋ፣ አባትየው ኦቦ ቶለሳ እጄን ቀጨም አድርገው ያዙት። «ዲሲ! ተዪው ሲስተር!» ፊታቸው አመድ መስሏል። ለካ የከተማው የሬሳ ሣጥን ሠሪ እሳቸው ናቸው! «እኔ የተጋደመ ሰው የምለካው መቼ እንደሆነ አታውቂም?» አሉኝ። ከዚህ ልጅ በፊት የሞቱባቸውን ሁለት ልጆች ለሣጥን የለኩትም ራሳቸው ነበሩ።

እኔም ልጅ እግር ነኝና ቶሎ ብዬ፣ «ኦቦ፣ እኛ የምንለካው ጤነኛውን ብቻ ነው። የታመመ መዝገባችን ውስጥ አይገባም» አልኳቸው። እጄን ለቀቁና የሜትሩን ጫፍ በራሳቸው እጅ ይዘው «በይ ለኪው» አሉ። ልጁ እግሩን እያወናጨፈ አልለካም ብሎ ሲያስቸግረን፣ እሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው። በሳምንቱ ከጥድ የሠሩትን፣ ጠርዙ የለሰለሰ ትንሽ የሕፃን መለኪያ ሳንቃ ተሸክመው መጡ። ከጊንጪ እስክቀየር ድረስ ስንቱን ልጅ ለካሁበት! የጥዱ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ያመጡት ዕለት ሳንቃውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ በእጃቸው እየዳበሱት ያሉኝም አይረሳኝም፦ «ሲስተር፣ ለሰው በልክ ከሠራሁት ሳንቃ ሁሉ፣ የተኛበት ሰው የሚነሳው ከዚህ ብቻ ነው።»