እትዬ የማን እህት ነበረች?

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ጸሐፊያችንን፤ ኬኩ ላይ «ለሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎት» ብላ አስጽፋልኛለች። ያገለገልኩት ሃያ ስድስት ነው። ቅር አላለኝም። በዚህ ቤት የተጻፈ ነገር ሁሉ ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ካለ ዛሬ ቀረብ ብሎ ያድምጠኝ።

ዳይሬክተራችን «አደራ፣ አጭር ይሁን» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። እሺ ስላቸው ምን እንደማደርግ ደግሞ እሳቸው ያውቃሉ።

ሥራዬ ምን ነበር? የፕሬዚዳንቱን ቤተሰብ የሚመለከት የቆየ ፎቶ፣ ደብዳቤና መጽሐፍ ካለበት እያደኑ ለዚህ ሙዚየም መሰብሰብ። ሌላ ሰው በር ሲያንኳኳ «ማነው?» ይባላል፤ እኔ ሳንኳኳ ግን «ደግሞ መጣች!» ነው። የሰው ሣጥን አስከፍቻለሁ፣ የሰው አልጋ ሥር ገብቻለሁ። አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር የፕሬዚዳንቱን የሠርግ ፎቶ ይዘው መጡና ጠርዙ ላይ የቀረች አንዲት ክርን እያሳዩ «ይቺ የኔ ናት» አሉኝ። ከፎቶው ጋር ካላስተያየሽልኝ አልሄድም ብለው ኮታቸውን አወለቁ። አስተያየሁ። እውነትም የሳቸው ናት! መዝገብ ላይ አለች፤ «ክርን፣ የግራ» ብላችሁ ፈልጓት።

የፕሬዚዳንቱ ወንድም መጽሐፍስ? የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህ መጽሐፍ የወንድሜ ነው፤ ቢጠይቀኝ አላየሁም እለዋለሁ» ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ግልጽ ሰው በመሥሪያ ቤት ሕይወቴ ብዙ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ እኔም ግልጽ ልሁን። ሦስተኛውን ክፍል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «የእትዬ ክፍል»። ፕሬዚዳንቱ አዳሪ ተማሪ ሳሉ የጻፏቸው ደብዳቤዎች እዚያ ናቸው። ሁሉም «ውድ እትዬ» ብለው ይጀምራሉ። ግድግዳው ላይ ያለው መግለጫ ደግሞ «እትዬ፣ የፕሬዚዳንቱ ታላቅ እህት» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። ጎረቤቷንም፣ ባለሱቋንም፣ የሰፈሬን ሴት ሁሉ እትዬ እያልኩ ያደግሁ ሰው! የቅርስ መያዣውን ነጭ ጓንት ሳጠልቅ ግን ቋንቋዬ ጠፋኝ።

ደብዳቤው እኮ ምን ይላል? «እትዬ፣ ሸሚዞቹ ደረሱኝ። አንገታቸው እንደ አዲስ ሆኗል። እዚህ የሚያጥቡልን ሴትዮ ቁልፍ ይሰብራሉ፤ እንዳንቺ የሚሆን የለም።» ይህን ያነበበ ጤነኛ ሰው ምን ይረዳል? እኔ ግን «የእህት ፍቅር በንጹሕ ሸሚዝ ሲገለጽ» የሚል ዘጠኝ ገጽ ጥናት ጻፍኩ። «አንቺ» ማለታቸው የሥጋ ዝምድና ማስረጃ ነው ብዬም አሰመርኩበት። ተጨበጨበልኝ። ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ዕድገትም አገኘሁ።

የፕሬዚዳንቱ የወንድም ልጅ፣ እዚሁ ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ ያኔ ደውለው «አያቴ ሌላ ሴት ልጅ ነበራት እንዴ?» አሉኝ። «ቤተሰብ የማያወራው ነገር አይጠፋም» አልኳቸው። በዓመቱ በቴሌቪዥን ቀርበው «አክስቴ እትዬ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ተረት ታወራልኝ ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው። አይሸማቀቁ ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ተረቱንም አውርታልዎት ይሆናል፤ አክስትዎ ግን አልነበረችም።

እንዴት አወቅሁ? የዛሬ አራት ዓመት አንድ ፎቶ ፍለጋ አንዲት የሰባ ስምንት ዓመት እናት ቤት ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ነው፣ እንግዳ የሚቀመጠው የተጣጠፈ ጨርቅ ከተነሣ በኋላ ነው። ፎቶውን አወጡልኝ። ፕሬዚዳንቱ የአምስት ዓመት ልጅ ሆነው ሳፋ ውስጥ ቆመዋል፣ አረፋው እስከ ጉልበታቸው። አንዲት ሴት እጅጌዋን ሰብስባ ጆሮአቸውን ትፈትጋለች። ከኋላ ገመድ ሙሉ ልብስ ተሰጥቷል። ጀርባው ላይ ፕሬዚዳንቱ ካደጉ በኋላ «ለእትዬ፣ ከልብሱ ጋር እኔንም ላጠብሽኝ» ብለው ጽፈዋል።

ልብስ ሰፊዋ እናት ደግሞ የኛን ብሮሹር ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ብሮሹሩን አጣጠፉት።

«እናቴ የማንም እህት አልነበረችም፤ ለናቷ አንድ ናት። እዚያ ቤት አርባ ዓመት ልብስ አጥባለች። እህቱ ናት ካላችሁ አርባውን ዓመት የት ልታደርጉት ነው?»

ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሱት። «ግድግዳው ሲስተካከል ነይና ውሰጂው» አሉኝ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ምንም። ክቡራትና ክቡራን፣ አፈርኩ። ክፍሉ ተሰይሟል፣ ብሮሹሩ ታትሟል፣ እኔም በዚሁ ስም አውጥቻለሁ። በየጊዜው እየሄድኩ «በሂደት ላይ ነው» እላቸው ነበር። ባለፈው ወር መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት እየታገሉ «ልጄ፣ ከኔና ከሂደትሽ ማን ቀድሞ ያልቅ ይሆን?» አሉኝ። ያን ቀን አውቶቡስ መሳፈር አቅቶኝ በእግሬ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬ ጠዋት ጋበዝኳቸው። የፕሮቶኮል ሠራተኛችን «እኒህ እናት ማን ናቸው?» ሲለኝ «የእትዬ ልጅ» አልኩት። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ግቢው ቀውጢ ሆነ! ክቡር ዳይሬክተር የራስዎን ወንበር ለቀቁላቸው። የወንድም ልጅም «የአክስቴን ልጅ!» ብለው አገላብጠው ሳሟቸው። እሳቸውም አልተግደረደሩም፣ ተሳሙ። እነሆ፣ መካከላችሁ የተቀመጡት የልብስ አጣቢዋ ልጅ ናቸው። ወንበሩን ይመልሱ የሚል አለ? የለም። ደግ አደረጋችሁ።

የድሮውን መግለጫ፣ የቢሮዬን ቁልፍ ከማስረከቤ በፊት፣ በገዛ እጄ ፈትቼዋለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የመጀመሪያም የመጨረሻም ሌብነቴ ስለሆነ ይቅር በሉኝ። ግድግዳው ላይ አሁን ያለው ሁለት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው። አዲሱ ይኸው፣ ላንብብላችሁ። «እትዬ። በዚህ ቤተሰብ ዘንድ ለአርባ ዓመት ልብስ አጣቢ። ፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ የሚጽፉላት ሰው ነበረች።»

ክቡር ዳይሬክተር፣ ይሰቀል? … ራስዎን ነቀነቁ ወይስ ዝንብ አስቸገረዎት? ነቀነቁ! ሰው ሁሉ አይቷል። ጸሐፊያችን፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ።

እማማ፣ እንግዲህ የፎቶውን ፖስታ ለዳይሬክተሩ ይስጧቸው። ለኔ አይደለም፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ተራ ጎብኚ ነኝ።

ወዳጆቼ፣ ጤናና ሰላም አይለያችሁ። ዐይናችሁ አይፍዘዝ፣ ጉልበታችሁ አይድከም። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ። እናንተም ተራችሁ ደርሶ ከዚህ ስትወጡ፣ የሠራችሁትን ሥራ ሳያሳምር፣ በገዛ ስሙ የሚጽፍላችሁ ሰው አያሳጣችሁ።