አሸንዳው ወዴት ይፍሰስ?

ደመናው ከጠዋት ጀምሮ እየጠቆረ ነበር። ከገበያ ስመለስ ጎረቤቴን፣ ጡረታ የወጡትን የልስን ባለሙያ፣ መሰላል ላይ ሊወጡ ሲታገሉ አገኘኋቸው። የጣራውን አሸንዳ ከግድግዳው ሥር ወደተከፈተው ቀዳዳ ሊያዞሩት ነው። በውሃ ላቦራቶሪ የምትሠራው ልጃቸው መሰላሉን ጨብጣ አላስወጣም ብላለች። ከዚያ ግድግዳ በስተጀርባ የእርሷ ሕፃን ይተኛል።

«እሰይ፣ መጣሽልኝ፤ እስቲ ፍረጂን» አሉኝ። «ይህ ቀዳዳ ስንት ክረምት ጠጥቶ አንድ ቀን እንኳ አልሰከረም። ጎርፉ ግቢዬን ከሚያጥለቀልቀው እዚያ ቢገባ ምናለ?»

«የሚጠጣው መሬቱን እያሟሟ ነው፣ አባባ» አለች። «ቤታችን የቆመው በጀሶ ድንጋይ ላይ ነው።»

«የሚያሟሟው ያ መራራው የጉድጓድ ውሃችን ነው። ዝናብ ንጹሕ ነው፤ ማንን ይነካል?»

«መራራውማ ጠግቧል። መራራ ያደረገው ውስጡ የሟሟው ጀሶ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሸከምም። ባዶውን የሚመጣው ዝናቡ ነው። ስንጥቅ ገብቶ ያሟሟል፣ ስንጥቁ ዋሻ ይሆናል፣ ከዚያ የዋሻው ጣራ ይደረመሳል። ከሰፈሩ ጀርባ ያሉት ክብ ክብ ጎድጓዳዎች እንዲህ ነው የተፈጠሩት።»

«አይ የዘንድሮ ልጅ፣ ጠብታ ሲያይ ጎርፍ ይታየዋል!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ባለቤትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር እሱ ይፈርድልኝ ነበር።»

እኔ ወደ ደመናው አየሁ። ነጎድጓዱ ቀርቧል።

«እትዬን ተዉአቸው» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሥራ ዘመንዎ የውጭ ግድግዳ በጀሶ ለስነው ያውቃሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ? አንድ ክረምት ዝናብ ካገኘው ታጥቦ...» ብለው ቆሙ።

እጃቸውን በግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ለደንበኛ ሲመክሩት የኖሩትን ለራሳቸው ቤት እንዳላሰቡት ከፊታቸው አነበብኩ። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ ከእግራችን በታች ያለውን አንጠይቅም።

«ቱቦ አምጪ፤ ወደ መንገዱ ቦይ እናዞረዋለን» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ግን ልጁን ከዚያ ክፍል አውጪ።»

ሥራው ሳያልቅ ዝናቡ ያዘን። መሰላሉን እኔ ያዝኩ። ውሃው በቱቦው ሄዶ ቦዩ ውስጥ ሲወርድ ሽማግሌው ያለማቋረጥ ይከታተሉት ነበር። እንዲህ የጣራውን ውሃ ከመሠረቱ ያራቀ ሰው ግድግዳው ይቆይለታል፤ ቀዳዳውን በቆሻሻ ከመድፈን ይልቅ ባለሙያ ጠርቶ ያስመረመረም ጎረቤቱን ጭምር ያድናል።

ክፍሉ እስኪመረመር ሕፃኑን እኔ ቤት አስተኛነው። አልጋዬ ሰፊ ነው፤ ቦታ ነበረ።